የዛገው ሞተር ይነሣል ወይስ ለቆራሌ ይሰጥ?

አማን ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ከቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል እንበል። አካሉ አቧራና የቅጠል ብስባሽ ይልበስ እንጂ ዛሬም ደህና ነው። ኮፈኑን ስታነሡት ግን ሞተሩ ቀይ ቡናማ ሆኗል። በማኖቬላ፣ ማለትም በእጅ ማስነሻው ዘንግ፣ ልታዞሩት ብትሞክሩ ንቅንቅ አይልም። እዚያ የቆሙት ሰዎች ወዲያው ለሁለት ይከፈላሉ። «ይሄማ ሞቷል፣ ለቆራሌ ስጡትና ተገላገሉ» የሚል አለ። «ኧረ ናፍጣ አፍስሱበት፣ ሲያድር ይለቃል» የሚልም አለ።

የቱ ነው ልክ? በማየት ብቻ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዝገት ዓይንን ያታልላል። ላዩ አስፈሪ ሆኖ ከሥሩ ጤነኛ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ላዩ ስስ መስሎም ሞተሩን የሚገድል ጉድጓድ ሊደብቅ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ዝገት ምን እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ በምን እንደሚነሣ፣ በመጨረሻም «ይነሣል ወይስ አይነሣም» የሚለውን በቁጥር እንዴት እንደምንወስን እናያለን።

ነገሩ ለትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን ሞተር ከእንግዲህ በአዲስ ከመተካት ይልቅ መጠገን የሚጠብቀው ዕቃ ነው። በችኮላ ለቆራሌ የተሸጠ ደህና ሞተር ኪሳራ ነው። የማይድን ሞተር ላይ የፈሰሰ ገንዘብም እንደዚያው።

አካሉ ሳይዝግ ሞተሩ ለምን ዛገ?

ላንድሮቨር እንግሊዝ አገር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ስለነበር ብረት እጥረት ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት የመኪናው አካል በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተገጠመለት 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተርም ብሎኩና ቴስታታው የተሠሩት ከቀላጭ ብረት ነው።

አሉሚኒየምም እኮ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ በጣም ስስ፣ ጥቅጥቅ ያለና በደንብ የተጣበቀ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት እንደ ቆዳ ይከላከልለታል። የብረት ዝገት ግን ስፖንጅ መሳይ ነው። ውኃና አየር ያሳልፋል፤ ይፈረፈርና አዲስ ብረት ያጋልጣል። ስለዚህ ዝገት ከጀመረ አይቆምም።

በውስጡ የሚካሄደው ነገር ከባትሪ ጋር ይመሳሰላል። አንዲት የውኃ ጠብታ ብረት ላይ ስታርፍ፣ ከጠብታዋ ሥር በአንዱ ቦታ ያለው ብረት ኤሌክትሮኖቹን ያጣና ይሟሟል። ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ ውስጥ ተጉዘው በሌላ ቦታ ውኃና ኦክስጅን ይቀበሏቸዋል። የሟሟው ብረት ከዚያ ጋር ተገናኝቶ ያ የምናውቀው ቀይ ዱቄት ይሆናል። ውኃ ብቻውን ወይም ኦክስጅን ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

«የግድ ዝናብ ሊመታው ይገባል?» ብትሉ፣ አይገባም። የአየሩ እርጥበት ከ60 እስከ 70 በመቶ ካለፈ በዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ሽፋን ብረቱ ላይ ይፈጠርና ዝገት ይፋጠናል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአገራችን እጅግ ዝናባማው ክፍል ነው። ቡናውን ያሳደገው ያ እርጥበት ለብረት ጠላት ነው። የዛፍ ጥላም አያግዝም፣ እርጥቡ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋልና።

የጠዋቱን ሰዓት ደግሞ አስቡት። ከባዱ የብረት ብሎክ ሌሊት ቀዝቅዟል። ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ቶሎ ይሞቃል፤ ብሎኩ ግን ይዘገያል። ያን ጊዜ እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ እንደምታዩት ማለት ነው። አየሩ ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚገባበት በርም አለ። ሞተር በቆመበት ቦታ ሁሉ ከሲሊንደሮቹ የአንዳንዶቹ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ከሌሎቹ ብሶበት የሚገኘው ለዚህ ነው።

ለምን ተጣበቀ?

በፒስተንና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ጋር ይቀራረባል። የፒስተኑ ቀለበቶች ደግሞ ግድግዳውን ነክተው ነው የሚቀመጡት። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያበጠ ዝገት እንደ ሽብልቅ ይሆናል። የዛገ ብሎን አልፈታ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝገት ብረት ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ዝገት ራሱ ብረቱ ነው፤ መልኩን ቀይሮ። በኬሚስትሪ ሒሳብ 100 ግራም ብረት ሙሉ በሙሉ ወደ ብረት ኦክሳይድ ሲቀየር 143 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 143 ግራም ደረቅ ዝገት ፍቃችሁ ካነሣችሁ 100 ግራም የሚሆን ሞተር ጠፍቷል ማለት ነው። የትኛውም ማጠቢያ ያንን መልሶ አይሞላውም። ማጠብ የሚጠቅመው የቀረውን ብረት ለማየትና ለመለካት ነው።

መጀመሪያ ማስለቀቅ

የተጣበቀ ሞተርን በሞተሪኖ ለማስነሣት ወይም መኪናውን ጎትቶ በማርሽ ለማዞር መሞከር ቀለበት ይሰብራል፣ ግድግዳ ይቧጭራል። ይልቅ ካንዴላዎቹን ፍቱና በየሲሊንደሩ ናፍጣ ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ ጨምሩ። ቀጭኑ ናፍጣ ዘይቱን ይዞ በዝገቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርጋል። ሥራው የቀናት ነው፤ አትቸኩሉ። ከዚያ በረጅም ቁልፍ የክራንክ ሻፍቱን ብሎን ይዛችሁ ወደፊትም ወደ ኋላም ቀስ እያላችሁ ሞክሩ። አንዲት ሚሊሜትር ከተንቀሳቀሰ ተስፋ አለ፤ ጨምሩበትና ድገሙት። የምታዞሩት በእጅ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ባትሪው ተነቅሎ።

ስትፈቱ ደግሞ እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የክራንክ ሻፍቱና የፒስተን ዘንጎቹ ክዳኖች ፋብሪካ ውስጥ ከየቦታቸው ጋር አንድ ላይ ተገጥመው የተቦረቦሩ ስለሆኑ አይቀያየሩም። የእያንዳንዱን ቁጥርና አቅጣጫ ምልክት አድርጉበት። ለብሎኖቹ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የድሮ ሞተሮች እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ያቃጥሉ ነበር፤ የድሮ ጋርኒሲዮኖች ውስጥም አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሁለቱም በአቧራ መልክ ሳንባ ውስጥ ሲገቡ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ ጥላሸቱንም ጋርኒሲዮኑንም በደረቁ አትፈቅፍቁ፤ በዘይት ወይም በውኃ አርጥባችሁ ነው የምታነሡት።

የትኛው ማጠቢያ ለየትኛው ብረት?

በየቤቱ የሚገኝ አሲድ አለ። ሎሚና አቼቶ። አሲዱ ዝገቱን ያሟሟዋል፤ ለትናንሽ ብሎኖችና ማያያዣዎች ጥሩ ነው። ችግሩ አሲድ «ዝገቱ አልቋል» ብሎ አያቆምም፤ ወደ ጤነኛው ብረት ይዘልቃል። በየጥቂት ሰዓቱ አውጥታችሁ እዩት፤ ሲጠራ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውኃ አለቅልቁት። አሲድን ከበረኪና ጋር ግን በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። የባትሪ አሲድም የቤት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ሞላሰስ ነው፤ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣውና ለከብት የሚሰጠው ጥቁር ዝቃጭ። አንድ እጅ ሞላሰስ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች የብረቱን አዮን ከዝገቱ ላይ ጨብጠው ይዘው ይሄዳሉ። ጤነኛውን ብረት ብዙም አይነኩትም። ዋጋው ትዕግሥትና ሽታ ነው።

ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ማንሣት ሲሆን ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን።

ከሁሉም በፊት ግን «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማግኔት አምጡ። ካልሳበው ከእነዚህ ማጠቢያዎች ውስጥ አታስገቡት። ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ሶዳም ሞላሰስም ይጎዳዋል። ካርቡራቶር ብዙውን ጊዜ ዚንክ አለበት። የክራንክ ሻፍት ኩሽኔቶችም ስስ የለስላሳ ብረት ሽፋን ስላላቸው አይነከሩም።

አዲስ አበባ የምናያትን ቮልስ ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ፣ ቴስታታዎቹ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሮቹ ግን ቀላጭ ብረት ናቸው። ለሲሊንደሮቹ የሚሠራው ሶዳ ቴስታታውን ይበላዋል፤ ሎሚውና አቼቶው ደግሞ ማግኒዥየሙን። ስለዚህ ለላንድሮቨር ብሎክ የሠራ ዘዴ ለቮልስ ሞተር አካል ጥፋት ሊሆን ይችላል።

በኤሌክትሪክ ዝገት ማንሣት

ዝገት ብረት ኤሌክትሮን ሲያጣ ከተፈጠረ፣ ኤሌክትሮን መልሰን ብንሰጠውስ? ሐሳቡ ይኸው ነው።

የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ 10 ሊትር ውኃ ጨምሩ፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ አሟሙበት። ካጣችሁት ቤኪንግ ሶዳን በደረቅ መጥበሻ ላይ ብታምሱት ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። የዛገውን ዕቃ ከ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ ጋር፣ አንድ ቁራጭ ተራ ፌሮ ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር አገናኙ። ሁለቱ እንዳይነካኩ። ከገለበጣችሁት የሚበላው ዕቃችሁ ነው፤ ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ሁለቴ እዩ። ጅረቱ በፌሮው ፊት ለፊት ያለውን ጎን አብልጦ ስለሚያጸዳ፣ ለትልቅ ዕቃ ዙሪያውን ብዙ ፌሮ መትከል ይሻላል።

ከሰዓታት በኋላ ቀዩ ዝገት ጠቁሮ በብሩሽ የሚለቅ ይሆናል። «ዝገቱ ተመልሶ ብረት ሆነ» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ከፊሉ ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር ኦክሳይድ ይቀየራል፤ ሌላውም ላልቶ ይረግፋል። የተበላው ጉድጓድ ግን እንዳለ ነው። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ጤነኛውን ብረት አለመብላቱ ነው።

አደጋው ደግሞ ይህን ይመስላል። ከዕቃው ላይ የሚንተከተከው ሃይድሮጅን ነው። 4 አምፔር ለ6 ሰዓት ቢሠራና ጅረቱ ሁሉ ሃይድሮጅን ላይ ቢውል ወደ 11 ሊትር ጋዝ ይወጣል፤ የ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ማለት ነው። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ሥራው ደጅ ነው። ሲጋራም የቡና ከሰልም አጠገቡ አይደርስም። ሽቦውን ከማንሣታችሁ በፊት ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉ፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃለችና። ቻርጀሩ ከውኃው ርቆ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ አንድ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ትልቅ ሰውም አብሯችሁ ይሁን።

ሦስት ክልከላዎች ይጨመሩ። በፌሮው ቦታ የማይዝግ ብረት አታድርጉ፤ ከውስጡ የሚወጣው የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር ያመጣል። በሶዳው ቦታ የገበታ ጨው አትጠቀሙ፤ ክሎሪን ይወጣበታል። የቫልቭ ሞላዎችን ደግሞ አትንከሩ፤ ሃይድሮጅን ጠንካራው ብረት ውስጥ ሰርጎ ይገባና እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ያደርገዋል። ሞላው ዛሬ ደህና መስሎ ነገ ሞተሩ ሲሠራ ሊሰበር ይችላል።

ከታጠበ በኋላ ያለው ሰዓት

አሁን የጸዳ እርቃን ብረት ይዛችኋል። በአማን አየር ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት ዓይናችሁ እያየ ቢጫ ሊል ይችላል። በፈላ ውኃ አለቅልቁት፤ ብረቱ ራሱ ስለሚሞቅ ውኃው ቶሎ ይተናል። ወዲያው ዘይት ቀቡት። የሲሊንደሩን ግድግዳ ደግሞ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ ጥረጉ። የቀረች ጥቂት ዱቄት ሞተሩ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች።

ዘይት፣ ናፍጣና ጥላሸት የገባበትን ውኃ ቡናው ሥር ወይም ጅረት ውስጥ አትድፉ። በጀሪካን አጠራቅማችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

መለኪያው ይፍረድ

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የላንድሮቨሩ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 90.47 ሚሊሜትር ነው። ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። እናንተ ግን ቤት ውስጥ በአንድ ቀለበት ብቻ ብዙ ማወቅ ትችላላችሁ።

የፒስተን ቀለበት ሙሉ ክብ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ክፍተት አለው። ቀለበቱን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስተኑ ጀርባ ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉት። መጀመሪያ ቀለበት ከማይደርስበት ከታችኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ ብዙ ከሚፈገፈገው ከላይኛው ክፍል አድርጋችሁ ክፍተቱን በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መለኪያ ለኩ። የክብ ዙሪያ የስፋቱ 3.14 እጥፍ ስለሆነ፣ ስፋቱ ትንሽ ሲጨምር ክፍተቱ 3.14 እጥፍ ይጨምራል። ከታች 0.40፣ ከላይ 0.90 ሚሊሜትር ካገኛችሁ ልዩነቱ 0.50 ነው። ለ3.14 ስታካፍሉት 0.16 ሚሊሜትር ይሆናል። ሲሊንደሩ ላይኛው ክፍሉ በዚያ ያህል ሰፍቷል። የተፈቀደው ወሰን በሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ።

ቀጥሎ ጉድጓዶቹ ናቸው። ጥፍራችሁን በግድግዳው ላይ ሳቡ። የቀለም ልዩነት ብቻ ከሆነና ጥፍር የማይዝ ከሆነ ደህና ነው። የሚይዝ ከሆነ ጥልቀቱ ይለካ። ለዚህ ሞተር 0.5 እና 1 ሚሊሜትር ያህል የሰፉ ፒስተኖች ይሠራሉ። ሲሊንደሩን በ0.5 ማስፋት ከየግድግዳው 0.25 ያነሣል። ስለዚህ 0.2 ሚሊሜትር የጠለቀ ጉድጓድ በመጀመሪያው ማስፋት ይጠፋል። 0.4 ከሆነ ሁለተኛው ያስፈልጋል። ከ0.5 ካለፈ በሲሊንደሩ ውስጥ አዲስ የብረት እጅጌ ማስገባት ግድ ነው። ብሎኩ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ቆራሌው ልክ ነበር።

እናንተም ሞክሩት

ሞተር ባይኖራችሁም አምስት ተራ ምስማር ይበቃል። ቀለም ወይም የሚያብረቀርቅ ሽፋን የሌለው ይሁን። አንዱን ደረቅ ሆኖ በተዘጋ ብልቃጥ፣ ሁለተኛውን ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ፈልቶ በቀዘቀዘና ላዩ ላይ ዘይት በተደረገበት ውኃ ውስጥ፣ አራተኛውን ዘይት ቀብታችሁ ደጅ፣ አምስተኛውን ሳትቀቡ ደጅ አስቀምጡ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ቀድሞ እንደሚዝግ ገምታችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ አወዳድሩ፤ በተለይ ሁለተኛውን ምስማር የውኃው ጠርዝ የደረሰበት ቦታ ላይ አጥብቃችሁ እዩት። ከዚያ የዛጉትን ሎሚ ውስጥ ነክራችሁ አጽዱና የቀሩትን ጉድጓዶች በጥፍራችሁ ፈልጉ።